የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ ስፔሻሊቲ ልግባ ወይስ ማስተርስ? ምከሩኝ

ጤና ይስጥልኝ የሙያ አጋሮቼ። ደብረ ማርቆስ የምሠራ የጥርስ ሐኪም ነኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቢቸና ገበሬ መንጋጋቸው አብጦ መጡ። የተቦረቦረውን ጥርስ ቅርንፉድ እየወተፉ ችለውት ከርመዋል። እብጠቱ ምላሳቸው ሥር ገብቶ ምራቅ መዋጥ አቅቷቸዋል፤ እንዲህ ሲሆን መተንፈሻን ሊዘጋ ይችላል። መድኃኒት ጀምሬ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ስጽፍ «ልጄ፣ አንተ ሐኪም አይደለህም እንዴ?» አሉኝ። አፌ ተሳሰረ። አዲስ አበባ እኮ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው!

ልቤ ያለው የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና ላይ ነው። ግን ሬዚደንሲው (የስፔሻሊቲ ሥልጠናው) ዓመታት ይፈጃል፤ ባለቤቴም ነፍሰ ጡር ናት። የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ይቀላል፤ እንዲህ ላለው ሕመምተኛ ግን ምን ይፈይዳል? ውጭ አገር እንዳልሞክር ደግሞ «ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር በቀጥታ ይላክ» ይላሉ፤ የእኔ በወጪ መጋራት ዕዳ ተይዟል።

አብራኝ የምትሠራው ሃይጂኒስትም (ጥርስ የምታጸዳውና በሽታውን የምትከላከለው ባለሙያ) በዲግሪዋ የትኛው ማስተርስ እንደሚቀበላት ጠይቅልኝ ብላኛለች። (እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ከምነቅለው እሷ የምታተርፈው ጥርስ ይበልጣል።)

ልጅ ይዛችሁ ሬዚደንሲ የገባችሁ፣ በምን ኖራችሁ? ዕዳ እያለበት ትራንስክሪፕት ያስላከስ አለ?