ከአሰብ የመጣ የድሮ ብር ይመነዘራል?

ጥያቄ (የአሰብ ልጅ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ እስከ 1990 ዓ.ም. አሰብ ነበር የምትኖረው። ሰሞኑን ሳጥኗን ስናጸዳ በጨርቅ የተቋጠረ የደርግ ጊዜ ብር አገኘን። «ናቅፋ (የኤርትራ ገንዘብ) ሲመጣ ሳልቀይረው ቀረ» አለችኝ። ባንክ ይመነዝርልኛል? ደግሞስ ኢትዮጵያና ኤርትራ በብሩ ለምን ተለያዩ? እሷ ስጠይቃት ዝም ትላለች።

መልስ (የባንክ ሰው)፦
እህቴ፣ ቁርጡን ልንገርሽ፤ አይመነዘርም። ኢትዮጵያ በ1990 ኖቶቿን ቀይራለች። በ2013 ደግሞ ባለ 10፣ 50 እና 100 ብሮቹ እንደገና ተቀይረዋል። «ኮሚሽን ክፈይና አስቀይርልሻለሁ» የሚል ከመጣ እንዳታምኚው።

መልስ (ገብረ)፦
ኤርትራ በ1985 ነጻነቷን ካወጀች በኋላም እስከ 1990 በብር ነበር የምትገበያየው። ብሩን የሚያወጣው ግን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ብቻ ነው። የራስህን ገንዘብ ሌላ አገር ሲወስንልህ ከባድ ነው፤ ናቅፋ መምጣቱ አይገርምም። ጠቡ የተነሳው በምንዛሪው ነው። ኤርትራ ሁለቱም ገንዘቦች በሁለቱም አገር አንድ ለአንድ ይሥሩ አለች። ኢትዮጵያ እምቢ አለች። እውነቷን ነው፤ ጎረቤት ያተመው ገንዘብ ገብቶ እህሉንና ቡናውን ሲገዛ፣ ኑሮ የሚወደደው እዚህ ነው። ከዚያ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ንግድ በዶላር፣ በሌተር ኦፍ ክሬዲት (ባንክ ለሻጩ ክፍያውን በሚያረጋግጥበት ደብዳቤ) ይሁን ተባለ። ድንበር ላይ ማሽላና ጨው የሚነግድ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ኖቱ ሲቀየርም ኤርትራ ውስጥ የቀረው አሮጌ ብር ወደዚህ ተመልሶ መሥራት አልቻለም።

መልስ (ሰናይት)፦
ጦርነቱን ናቅፋ አመጣው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ግንቦት 1990 የተተኮሰው በባድመ መሬት ነው። ግን መተማመኑን ቀድሞ ያደረቀው የገንዘቡ ጉዳይ ይመስለኛል። ጦርነቱ ሲጀመር የኢትዮጵያ ዕቃ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ የአሰብ ወደብም ጭር አለ። እናትሽን ዝም ያሰኛት እሱ ይሆናል። አታጣድፊያት።

መልስ (ሳንቲም ሰብሳቢ)፦
የድሮ ኖት የሚሰበስቡ ሰዎች ካንቺ ይገዙታል። እንዳታጥቢው፣ እንዳትተኩሺው፤ ዋጋው በይዞታው ነው።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሰብሳቢ ሊገዛው እንደሚችል ነገርኳት። «አይሸጥም» አለችና መልሳ ቋጠረችው።