ለፎቶ ቤት ጋለሪ ስሠራ "ሁሉም ይቀመጥ" ብዬ ነበር፤ አሁን እንዴት ላስተካክለው?

የአራዳዋ (ጎንደር)

ሰላም ለሁላችሁ። የድረ ገጽና የአፕ ዲዛይን ነው የምሠራው። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ ፎቶ ቤት የደንበኞች ጋለሪ ሠራሁ። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምላቸው። ሠርግ፣ መልስ፣ ቅልቅል፣ ክርስትና፣ ምርቃት ያነሳሉ። ጥር 11 ደግሞ በየዓመቱ ፋሲል መዋኛ ናቸው። ለደንበኛው ሊንክ ይላክለታል፣ ከፍቶ ያያል፣ የወደደውን ያወርዳል።

ያኔ ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር። ክላውድ (ትርጉሙ "ደመና" ነው፤ ሰርቨር በሚባሉ የሩቅ ኮምፒውተሮች ላይ የሚከራይ የፋይል ማስቀመጫ) ላይ ቦታ ስከራይ "ሰርቨሩ የት ይሁን?" የሚል ዝርዝር መጣ። አየርላንድን ነካሁ። ሌሎች ሲመርጧት ስላየሁ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ከዚያ "ሙሉ መጠን ይጫን፣ ምንም አይጥፋ፣ ቪዲዮው ገጹ ሲከፈት በራሱ ይጀምር" ብዬ ዘጋሁት። እንዲህ አድርጊ ያለኝ ሰው የለም። የወሰንኩት እኔ ነኝ።

አንድ ሠርግ እስከ 3,000 ፎቶ ይወጣዋል። አንዱ ፎቶ 12 ሜጋ ቢሆን 36 ጊጋ ነው፣ ቪዲዮው ሳይጨመር። ባለፈው ወር ሂሳቡ ሲመጣ ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ክፍያው በዶላር ነው፤ የሚከፍሉልን ውጭ አገር ያሉ የእህታቸው ልጅ ናቸው። "ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ምኑ ነው?" አሉኝ። አብረን ከፈትነው። አንዲት ሙሽራ ከመኪና ስትወርድ 41 ጊዜ ተነስታለች። 41ዱም አሉ። በአንዱ ዓይኗን ጨፍናለች፣ በሌላው የሚዜው ክንድ ፊቷን ጋርዶታል፣ በሌላው ቬሏ በር ላይ ተይዞባታል። ማን መቼ ከፍቶ እንዳየ የሚያሳየውን ዝርዝርም አየን። ከመጀመሪያው ወር በኋላ አብዛኛውን ሊንክ የነካው ሰው የለም።

ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አልጽፍም ነበር። እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በተራ ነው። ተራችን ሲደርስ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቧንቧው ያፏጫል፤ ቀድማ የምትሰማው እናቴ ናት። "ተነሺ፣ መጣች!" ትለኛለች። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካኖቹን አሰልፈን እንሞላለን። የመጨረሻዎቹ ላይ ስንደርስ ውኃው እንደ ክር ይቀጥናል፣ እናቴም ጆግ ደቅና ትጠብቃለች። በዚያው ሰሞን ነው ዘ ዳልስ ስለምትባል የኦሪገን ከተማ ያነበብኩት። እዚያ ያለው የጉግል ዳታ ሴንተር፣ ማለትም ሰርቨሮቹ ያሉበት ቤት፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ከከተማዋ ውኃ ከሩብ በላይ ይጠቀም ነበር። ቁጥሩን የጠየቀ ጋዜጣ ነበር፤ ከተማዋ ላለመስጠት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳለች። ይፋ የሆነው በ2022 መጨረሻ ነው። ማሽኖቹ ይግላሉ፣ ብዙ ዳታ ሴንተሮች ደግሞ የሚያቀዘቅዟቸው ውኃ በማትነን ነው።

ቀጥዬ የነካኋትን አየርላንድን ፈለግኩ። በ2023 በቆጣሪ ከተለካው የአገሪቱ መብራት 21 በመቶውን የወሰዱት ዳታ ሴንተሮች ናቸው። የከተማ መኖሪያ ቤቶች በሙሉ ተደምረው 18 በመቶ።

በጋለሪው ገጽ ላይ ፎቶው "ተቀምጧል" ሲል የምትወጣ ትንሽ ነጭ ደመና አለች። የሣልኳት እኔ ነኝ። አሁን ባየኋት ቁጥር ይከነክነኛል። የጋሼ ፎቶ የተቀመጠው ሰማይ ላይ አይደለም። ቆጣሪና ቧንቧ ያለው፣ ጎረቤት ያለው ቤት ውስጥ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኼ ነው። ገጹን ከየት ጀምሬ ላስተካክል? ሰውን "የሠርግህን ፎቶ አጥፋ" ሳልል፣ ሳላስቀይም ማለቴ ነው።

---

ሰርቨር ጠባቂ (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ እኔ እንጀራዬ ሰርቨር ነው። መጀመሪያ ጭንቀትሽን ቦታ ላስይዝልሽ።

ዝም ብሎ የተቀመጠ ፎቶ ብዙ አይበላም። የሚበላው ሲመላለስ ነው፣ ከፎቶ ደግሞ ቪዲዮ ይብሳል። ስለዚህ ዛሬውኑ የምታጠፊው በራሱ የሚጀምረውን ቪዲዮ ነው። ለደንበኛውም ፓኬጁን ታተርፊለታለሽ። አንድ ፎቶ ሊመርጥ ገብቶ ሳያስበው ግማሽ ጊጋ የሚያልቅበት ሰው ስንት እንደሆነ አስቢው።

ሁለተኛ፣ ስልኩን አትርሺ። አንድ ስልክ በዕድሜው ከሚያመጣው ብክለት ትልቁ ድርሻ የሚወጣው ሲመረት ነው፣ ቻርጅ ሲደረግ አይደለም። ገጽሽ ከብዶ የአምስት ዓመት ስልክ ላይ ከተንቀራፈፈ ሰውየው ገጹን አይወቅስም። "ስልኬ አርጅቷል" ብሎ ሌላ ይገዛል። በ2022 እ.ኤ.አ. ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። አሮጌ ስልክ ላይ በደንብ የሚከፈት ገጽ መሥራት ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ጋሼ ሱቅ ውስጥ ካሉት ስልኮች ያረጀውን ለምኚና ሥራሽን ሁሉ እሱ ላይ ፈትሺ።

ሦስተኛ፣ ለማየት ሙሉ መጠን አያስፈልግም። ረጅሙ ጎን 1,600 ፒክስል ይሁን፣ በዌብፒ (ፎቶን በትንሽ ቦታ የሚይዝ የፋይል ዓይነት) አስቀምጪው። አንዱ ፎቶ 250 ኪሎባይት አካባቢ ይወርዳል። የ3,000 ፎቶ ሠርግ ከ36 ጊጋ ወደ 750 ሜጋ ገደማ መጣልሽ ማለት ነው። ሙሉው መጠን የሚላከው ሰው "ላሳትመው ነው" ብሎ ሲጠይቅ ብቻ ይሁን።

ስለ ቦታው፦ ቅርብ ነው ብለሽ ወደ ኬፕታውን ለመዝለል አትቸኩይ። አማዞን እዚያ ከ2020 ጀምሮ ዳታ ሴንተሮች አሉት፣ ግን የደቡብ አፍሪካ መብራት አብዛኛው ከድንጋይ ከሰል ነው። እዚህ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም ዳታ ሴንተሮች አሉ። የኛ መብራት በአብዛኛው ከውኃ ኃይል ነው፣ በብር መክፈልም ይቻላል፣ የጋሼም የእህት ልጅ ያርፋሉ።

እና ደግሞ "የኔ ፎቶ ቤት ምን አላት" እንዳትዪ። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ያወጣው ግምት አለ፦ ዳታ ሴንተሮች በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ 415 ቴራዋት ሰዓት ተጠቅመዋል፣ የዓለም መብራት 1.5 በመቶ ገደማ ነው። በ2030 ወደ 945 ይደርሳል ይላል፣ በዋናነት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምክንያት። በዚህ ውስጥ ያንቺ ሠርጎች ጠብታ ናቸው። "ምንም አይጥፋ፣ በራሱ ይጀምር" ብሎ የዘጋው ዲዛይነር ግን አንቺ ብቻ አይደለሽም። እኔ ራሴ ስንቱን እንዲህ ዘግቻለሁ።

---

የአዘዞዋ

እህትዓለም፣ እኔ ስለ ሰርቨር የማውቀው ነገር የለም። ሙሽራ ሆኜ ግን አውቃለሁ።

ከሠርጌ ፎቶዎች አብዛኞቹን አይቻቸው አላውቅም። እውነት ነው። ግን አንዲት ፎቶ አለች። እኔ ፊት ለፊት ቆሜያለሁ፣ ግን ደብዝዣለሁ፣ ካሜራው ስቶኛል። ከኋላ በኩል አባቴ በሩ ላይ ተደግፎ ጋቢውን በአንድ ትከሻው ጥሎ ይስቃል። ማን ምን ብሎት እንደሚስቅ አላውቅም። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እሱ እንዲህ ከልቡ ሲስቅ የተነሳበት ሌላ ፎቶ የለንም።

ፎቶ አንሺው ያችን ፎቶ "ያልተሳኩ" ብሎ ለይቷት ነበር። አልበሙ ውስጥ አልገባችም። ያገኘኋት ከለቅሶው በኋላ፣ ሊንኩ ስላልጠፋ ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተር የደበዘዘውን እየለየ ያጥፋ እንዳትዪ። ስድስት ወር ሞላ ብሎም አይጥፋ። የምታጠፉ ከሆነ ቤተሰቡን ጥሩ። ሙሽራዋ ብቻዋን ትበቃለች እንዳትዪ፣ እናቷንም አክስቷንም ጥሩ። እኔ ያኔ ብጠየቅ ራሴን ደብዝዤ ስላየሁ "አጥፉት" እል ነበር።

---

የአራዳዋ

የአዘዞዋ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይኼን ካነበብኩ በኋላ ግማሽ ቀን ሥራ አልሠራሁም። የደበዘዘውን በራሱ የሚለይ ነገር ላስገባ ጀምሬ ነበር፤ አስቁሜዋለሁ።

ሰርቨር ጠባቂ፣ አንድ ልጠይቅህ። ሳይጠፋ ግን ሁልጊዜ በተጠንቀቅ ሳይቆም ማስቀመጥ ይቻላል?

---

ሰርቨር ጠባቂ (አዲስ አበባ)

ይቻላል። ቀዝቃዛ ማስቀመጫ የምንለው አለ። ብዙ የማይነካው ፋይል እዚያ ይሄዳል፣ ዋጋውም በጣም ይወርዳል። በአንዳንዱ ስትፈልጊው ለመምጣት ሰዓታት ይወስዳል። እዚህ ላይ ነው ያንቺ ሙያ የሚያስፈልገው። ገጹ ላይ እንደ ሰው ንገሪያቸው፦ "ይህ ፎቶ ጎተራ ገብቷል፣ ጠይቁ፣ ነገ ጠዋት ይደርሳችኋል።" የሠርጉን ፎቶ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚፈልግ ሰው አንድ ሌሊት መጠበቅ አይከብደውም። የሚከብደው ሳይነገረው ሲቀር ነው። የምትሽከረከር ክብ ብቻ ካሳየሽው ተበላሸ ብሎ አሥር ጊዜ ይነካካዋል።

ባርሴሎና ውስጥ በፀሐይ ኃይል ብቻ የሚሠራ ድረ ገጽ አለ፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው ገጹ ላይ ይታያል፣ ሰማዩ ለቀናት ሲጨልም ገጹ ይጠፋል። አንባቢው ምክንያቱን ስለሚያውቅ ተመልሶ ይመጣል። ፎቶ ቤቱን እንደዚያ አድርጊው እያልኩ አይደለም። ከበስተጀርባ ያለው ነገር ለሰው ሲታይ ሰው እንደሚታገሥ ለማለት ነው።

---

ማራኪ ሰፈር

ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው እዚሁ ያየነው ነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ክልላችን ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ነው የቆየው። እኔ ያኔ የመመረቂያ ጽሑፌን ክላውድ ላይ ብቻ አስቀምጬ ነበር። ዋይፋይ ወዳለበት ቦታ ሄጄ፣ ተሰልፌ፣ አንድ ምዕራፍ ለማውረድ ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር። የወንድሜ ሚስት ደግሞ የልጇን ክርስትና ፎቶ ለማግኘት ፍላሽ ይዛ ፎቶ ቤት በእግሯ ሄደች፣ በአሥር ደቂቃ ይዛ ተመለሰች። ፎቶ ቤቱ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀርቶት ነበር። ስለዚህ የጋለሪሽ ሥራ መጀመሪያ ሱቁ ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ይሂድ። ሰው ቁጥሩን ነግሮ፣ በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ወስዶ ይሂድ። ክላውዱ ለሩቅ ዘመድ ይሁን።

ሁለተኛው፣ "የኛ መብራት ከውኃ ነው" የሚለው። እውነት ነው፣ ደስም ይላል። ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋዋት ነው የተተከለው። የሚዞርበት ውኃ ከኛው ከጣና የሚነሳው ዓባይ ነው። ግን ከአገሩ ሰው ግማሽ የሚጠጋው ዛሬም መብራት የለውም፣ ቢትኮይን የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያወጡ ማሽኖች ግን ከዚሁ መስመር መብራት ይገዛሉ። ዳታ ሴንተር አይምጣ አልልም፣ ሥራ ይፈጥራል፣ ዳታችንም እዚሁ ይቀመጣል። ንጹሕ መብራት ነው ስላልን ግን ለማን ደርሶ ለማን እንደቀረ ማሰብ አንተው። እናትሽ ጀሪካን ስትሞላ ያየሽውን ዓይነት ነገር መብራትም ላይ አለ።

አንድ ሦስተኛም መጣብኝ። የጥምቀት ፎቶ ላይ ውኃ ውስጥ የሚዘሉ ሕፃናት አሉ፣ አንዳንዶቹ ራቁታቸውን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል። ጋሼ እነዚህን ፎቶዎች ሊንክ ያገኘ ሁሉ በሚከፍተው ቦታ ባያስቀምጡ መልካም ነው።

---

የአራዳዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያደረግነውን ልንገራችሁ።

ቪዲዮው በራሱ መጀመሩን አቁሟል። አሁን ሰው ሲነካው ነው የሚጀምረው፣ ስንት ሜጋ እንደሚወስድም ከሥሩ ተጽፏል። ፎቶዎቹን በትንሹ መጠን እያዘጋጀሁ ነው። የሕፃናቱን የጥምቀት ፎቶዎች ጋሼ በዚያው ቀን አነሷቸው፤ "እኔም የልጅ ልጅ አለኝ" አሉ።

ነጯን ደመናም አውጥቻታለሁ። በምትኩ "ፎቶዎ አሁን ያለው፦ ፒያሳ ሱቃችን፣ ሃርድ ዲስክ ላይ" ወይም "አየርላንድ፣ ሰርቨር ላይ" የሚል መስመር ገብቷል። የመጀመሪያዋ ያየች ደንበኛ "አየርላንድ ማን ወሰደው?" ብላ ደወለች። ጋሼ ስልኩን ይዘው ወንበር ስበው ተቀመጡና አስረዷት። ሩብ ሰዓት ፈጅቶባቸዋል። ሲጨርሱ "ከመጀመሪያውም ሊነገራት ይገባ ነበር" አሉኝ።

ለማጥፋት ቤተሰብ እንጠራለን። ያጠፋነውም ወዲያው አይጠፋም፣ አንድ ዓመት ጎተራ ይቆያል። 41ዱን የመኪና ፎቶዎች ለሙሽራዋ አሳየናት። ከባሏና ከአክስቷ ጋር መጥታ ስድስቱን አስቀረች። ቬሏ በር ላይ የተያዘባትን መጀመሪያ መረጠች።

የቀረን ሃርድ ዲስኩ ነው። ሁለት ባለ 4 ቴራ እንፈልጋለን፣ አንዱ ሱቅ፣ አንዱ ጋሼ ቤት ይቀመጣል። ጎንደር ውስጥ ዋናውን የሚሸጥ የምታውቁ ዋጋውን ጻፉልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ከ2012 ጥምቀት ፎልደር እንጀምራለን።