ደሴ ላይ ሊጥ አልቦካ ሲል

ጥያቄ፦ ሰላም እህት ወንድሞች። በዚህ ብርድ የጤፍ ሊጥ በ3ኛው ቀንም ውኃው ከላይ አይጠልልም። ኮምቦልቻ እኮ በ2 ቀን ይደርሳል! እንጀራውም ዓይን የለውም። ዱቄቱ ይሆን?

መልስ 1፦ ዱቄቱን ተዪው እታለም። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ልዩነቱ ሙቀቱ ነው። ለ1 ኪሎ ዱቄት 1 ሊትር ተኩል ለብ ያለ ውኃና አንድ የሻይ ብርጭቆ እርሾ ይበቃል። ውኃው ጣት ካቃጠለ እርሾውን ይገድለዋል። ባልዲውን በብርድ ልብስ ጠቅልይው፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጪው።

መልስ 2፦ ዓይን የሚያጠፋው ግን በአብዛኛው የአብሲት ጉድለት ነው። የጠለለውን ውኃ ድፊ። ከሊጡ አንድ አሥረኛውን ቀንሺና በ3 እጥፍ የፈላ ውኃ ውስጥ ሳታቋርጪ እያማሰልሽ እንደ አጥሚት እስኪወፍር አብስይ፤ አብሲት የሚባለው ይሄ ነው። ለብ ሲል መልሺው፤ በትኩሱ ከገባ ሊጡን ያበስልና ኩፍ ማለቱን ያስቀርብሻል። ከዚያ 1 ወይም 2 ሰዓት ጠብቂ። ኩፍ ብሎ ከተኛ ግን አለፈበት፣ ዓይኑ ይሳሳል።

መልስ 3፦ በአብሲቱ እስማማለሁ፤ ምጣዱም ይታይ። ጠብ ያለ ውኃ ወዲያው ካልተንጫጫ አልጋለም። ዓይኑ ወጥቶ ሳያልቅ አትክደኚ። ለማሰሻ የተፈጨ ጎመን ዘር ብቻ፤ ዘይት ሊጡን ያንሸራትተዋል።