የምርምር መረጃ ባለቤት ማን ነው?

ጥያቄ፦ ሀዋሳ የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ነኝ። በሲዳማ ገጠር መጠይቅ ሳስሞላ አንዲት እናት የቡና ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «አምና የጻፋችሁት የት ደረሰ?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ። በሰሜን ካናዳ ከነባር ሕዝቦች ጋር የሚሠሩ አጥኚዎች ይህን እንዴት ይፈቱታል?

መልስ፦ ፈርስት ኔሽንስ የሚባሉት የካናዳ ነባር ሕዝቦች በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጧቸው ኦካፕ የተሰኙ መርሆች መሠረት የመረጃው ባለቤትነት፣ ቁጥጥር፣ ተደራሽነትና ይዞታ የማኅበረሰቡ ነው፤ በአርክቲክ የሚኖሩት ነባር ሕዝቦች ኢንዊቶችም በ2018 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ብሔራዊ የምርምር ስልት አውጥተዋል። ስለዚህ ጥያቄው ሲቀረጽ ጀምሮ ነዋሪው አብሮ ይወስናል።

ሌላ መልስ፦ እህቴ፣ መጠይቁን አስቀድመሽ ሶንጎ ለሚባለው የሲዳማ ባህላዊ ሸንጎ ሽማግሌዎች አቅርቢ። ይሁንታቸው ግን የእናትየዋን የግል ፈቃድ ፈጽሞ አይተካም፤ ይህን አደራ እላለሁ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ውጤቱን በሲዳምኛ አስተርጉሜ፣ መጀመሪያ ለእኚያ እናት አነብላቸዋለሁ።