የጣና የጋራ ፕሮፖዛል፦ ረቂቅ 2 ላይ አስተያየት (ተሳታፊዎቹ የተጠሩት በየሥራቸው ወይም በየቦታቸው ነው)

ጸሐፊ፦ ለገንዘብ ሰጪዎቹ የምንልከው የጥናት ረቂቅ ተያይዟል። ታች፣ ምድር ላይ፣ የጣናን ነፋስና የሌሊት ነጎድጓድ እናያለን። ላይ ደግሞ ጀንበር ከገባች በኋላ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚነሳውን የፕላዝማ አረፋ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በተሞላው የላይኛው አየር (አዮኖስፌር) ውስጥ የሚፈጠረውን የሳሳ ቦታ፤ የጂፒኤስ ምልክት ስለሚያናውጥ በጂፒኤስ መቀበያ ይታያል። አረፋው የሚነሳበት የማግኔት ወገብ (የምድር ማግኔታዊ መስክ አግድም የሚሆንበት መስመር) በአገራችን ያልፋል፤ ይህን ዕድል ያገኘ አገር ጥቂት ነው። ማመልከቻው እሑድ ይዘጋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ተራ ቁጥር 7፣ “የጀልባ ኪራይ፣ 5 ቀን”። ሽርሽር ነው? ገዳም ለመሳለም ከሆነ በየኪሳችሁ። የጀነሬተሩን ጉድ አልረሳሁትም።

ጎርጎራ፦ ጋሼ፣ ቀን ምድሩ ይሞቃል፣ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳር ይወጣል። ሌሊት ይገለበጣል። ከየዳሩ የመጣው ነፋስ ውሃው ላይ ይጋጠምና ደመና ይቆለላል። ተራራው ላይ ከሰዓት በኋላ፣ ሐይቁ ላይ ሌሊት የሚዘንበው ለዚህ ነው። ዳር ቆሞ ይሄ አይለካም።

ገንዘብ ያዥ፦ ሳተላይት የለም?

ጎርጎራ፦ የውሃውን ሙቀት በደንብ የሚለካው ሳተላይት በደመና ውስጥ አያይም። በክረምት ጣና ላይ ጥርት ያለ ሰማይ ካገኙ ይደውሉልኝ።

ፒያሳ፦ ታንኳስ? ነዳጅ አይበላ።

ጎርጎራ፦ ባትሪና ላፕቶፕ ጭነህ መጀመሪያ አንተ ውጣበት።

ቦልደር፦ ከጀልባው እንውረድ። ገጽ 2 “ነጎድጓዱ አረፋውን ይፈጥራል” ይላል። ማን አለ? ነጎድጓድ ወደ ላይ የአየር ሞገድ ይልካል፣ ሞገዱ አረፋውን ሊቆሰቁስ ይችላል። ዋናው ነገር ግን ጀንበር ስትጠልቅ አዮኖስፌሩ ወደ ላይ መገፋቱ ነው። ደግሞ አረፋው የሚበዛው በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ነው፣ ነጎድጓዳችን በሐምሌና በነሐሴ። ገምጋሚው እዚያው ይጥለናል።

ገንዘብ ያዥ፦ ጀልባው ስንት ሰው ይይዛል?

ሜትሮሎጂ፦ ቦልደር ልክ ነው። መስከረም ላይ ከሠራን ሁለቱንም እናገኛለን። በነገራችን ላይ የሶማሊያ ጠረፍ አዙሪት ክፍል የት ገባ? በየክረምቱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚሰፋ አዙሪት ውቅያኖሱ ላይ ይሽከረከራል፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት።

ጸሐፊ፦ ወጣ። ውቅያኖሱ ራቀን።

ሜትሮሎጂ፦ ሳትነግሩኝ? በነጻ የሳተላይት መረጃ የሚሠራ ነው እኮ! ጀልባው ግን ይቀመጣል። ስሜን አውጡልኝ።

ጎርጎራ፦ አሁን ጥፋቱ የጀልባ ሆነ?

ፒያሳ፦ ተዉ እንጂ። የጂፒኤሱን ክፍል እኔ እጽፋለሁ፣ ሐሙስ ይደርሳል።

ገንዘብ ያዥ፦ 2 ቀን እፈቅዳለሁ። ላይፍ ጃኬት ይጨመር። ደረሰኝ ያላመጣ ከኪሱ ይከፍላል።

ጸሐፊ፦ ዛሬ ዓርብ ነው። ፒያሳ?

ጸሐፊ፦ ስልክም አያነሳም። የጂፒኤሱን መቀበያ “ለቀጣይ ምዕራፍ” ብዬ አዛውሬዋለሁ። አዲሱ ርዕስ “ለጣና ዓሣ አስጋሪዎች የሌሊት ማዕበል ማስጠንቀቂያ” ቢሆንስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄ ይገባኛል። ታዲያ አስጋሪዎቹ ጀልባ አላቸው፣ ኪራዩ ለምን?

ጎርጎራ፦ ቴርሞሜትር ሰጥተናቸው እነሱ ይለኩልን። አበል ግን ይከፈላቸዋል፣ በነጻ አይሆንም።

ሜትሮሎጂ፦ እንዲህ ከሆነ ስሜን መልሱት። ማስጠንቀቂያውን እጽፋለሁ። ተራ ቁጥር 7 ላይ ግን አልገባም።

ቦልደር፦ ገጽ 4 ላይ “ምድር አቅራቢያ ያለ ጠፈር” የሚለው አሁንም አለ። መቀበያው ከወጣ በምን ልንለካው ነው?

ጸሐፊ፦ ይቆይ። ገንዘብ ሰጪዎቹ ጥሪያቸው ላይ ጽፈውታል።