መልስ ጽፌ መልሼ አጠፋዋለሁ፤ ድፍረቱን ከየት አገኛችሁት?

የሌሊት አንባቢ፦

ሰላም ለሁላችሁም። እናቴን በመርሳት በሽታ ማስታመም ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። የአስታማሚዎች መደጋገፊያ ቡድን ውስጥ ከገባሁ ደግሞ ሁለት ዓመት አልፎኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለአንድም ሰው መልስ ሰጥቼ አላውቅም። እናቴ ሌሊት ስለማትተኛ እኔም አልተኛም፤ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ የስልኬን ብርሃን ቀንሼ ሌሎች የጻፉትን አነባለሁ። እስካሁን በእግሬ ያቆመኝ ያ ንባብ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አንዲት ሴት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ዛሬ አባቴ አላወቀኝም። ልጄ መቼ ነው የምትመጣው ብሎ እኔኑ ጠየቀኝ።» ሌላ ምንም አልጨመረችም። እንባዬ መጣ፤ እናቴም ይህንኑ ጠይቃኛለችና። መጀመሪያ ሰሞን «እማዬ፣ ልጅሽ እኮ እኔ ነኝ!» እያልኩ እከራከራት ነበር። እሷ ትደነግጣለች፣ እኔ አለቅሳለሁ። ኋላ ግን «መንገድ ላይ ናት፤ እስክትደርስ ፀጉርሽን ላበጥርልሽ» ማለትን ተማርኩ። ማበጠሪያው ሲነካት ትከሻዋ ዝቅ ይላል፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ስለዚያች ስለምትመጣው ልጇ ታጫውተኛለች። «ጎበዝ ናት» ትለኛለች።

ይህን ሁሉ ጻፍኩላትና «ላክ» የሚለው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። እኔ ማን ነኝ? ባለሙያ አይደለሁም። የሚያነብ ሐኪም ቢኖርና «ይህማ መዋሸት ነው» ቢለኝስ? አባቷን ቢያስቆጣውስ? ቡድኑ ውስጥ ስንትና ስንት ሰው አለ፤ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ይመልስላታል ብዬ ሁሉንም አጠፋሁት። ጠዋት ገብቼ ሳይ ማንም አልመለሰላትም። ማታም እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ ያቺ ሴት አልጻፈችም። ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለኝ። እናንተ መልስ የምትሰጡ ሰዎች፣ ድፍረቱን ከየት አገኛችሁት?

ባለቤቱን ያስታመመ፦

እህቴ፣ «ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ይመልስላታል» ያልሽውን በዚያ ሌሊት ያሰብሽው አንቺ ብቻ አይመስለኝም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያወጡት አንድ ሙከራ አለ። ተማሪዎች በየክፍላቸው ለየብቻ ተቀምጠው በድምፅ ማስተላለፊያ ሲነጋገሩ፣ አንደኛው በሚጥል በሽታ ሲያዝ ይሰማሉ። በእርግጥ ድምፁ አስቀድሞ የተቀዳ ነበር። «የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ» ብለው ካመኑት 85 በመቶው ድምፁ ሳይቋረጥ ለእርዳታ ወጡ። ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብለው ካመኑት ግን የወጡት 31 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ስሰማ የመሰጠኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፦ ከክፍላቸው ያልወጡት ግድ የለሾች አልነበሩም። ከተመራማሪዎቹ ወገን ሰው ሲገባ የብዙዎቹ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ልጁ ደህና ነው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። አንቺም «ላክ» ላይ የቆመው ጣትሽ እንደዚያ ነው፤ ስላላዘንሽ አይደለም።

እኔ ባለቤቴን ሰባት ዓመት አስታምሜያለሁ። እንደ አንቺ ብዙ መልስ አጥፍቻለሁ። ያላቀቀኝ ነገር ለቡድኑ መጻፌን መተዌ ነው። ለአንድ ሰው እንደሚጻፍ ደብዳቤ፣ የሰውየውን መጠሪያ ከላይ አስቀምጬ መጻፍ ጀመርኩ። «እንዲህ አድርግ» ማለቱንም ተውኩ። «እኛ ቤት እንዲህ ሆኖ ነበር» ብሎ ለሚናገር ሰው ማንም የባለሙያ ወረቀት አይጠይቀውም፤ ቤቱ የራሱ ነው።

ማታ ማታ፦

እኔ ከጠያቂዎቹ ወገን ነኝ። እናቴ የሞተች ሰሞን ሌላ ቡድን ውስጥ ረጅም ጽሑፍ ጽፌ ነበር። መልስ የመጣልኝ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። «አሁን ገና አነበብኩት። ምን እንደምል አላውቅም፤ ግን ሙሉውን አንብቤዋለሁ።» ይኸው ነበር። ዛሬም ስልኬ ውስጥ አለ። አሥራ አንድ ቀን ዘግይቶ መጣ ብዬ ቅር ብሎኝ አያውቅም። እና እባክሽ፣ ሦስት ሳምንት ሆኗል ብለሽ እንዳትተዪው።

ጡረታ የወጣች ነርስ፦

ልጄ፣ የማበጠሪያውን ነገር ሐኪም ቢያነበው ምን ይላል ብለሽ አትፍሪ። በዚህ በሽታ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው የቅርቡ ትዝታ ነው፤ የጥንቱ ይቆያል። የዚያች ሴት አባት የሚጠብቃት ልጅ ምናልባት የትምህርት ቤት ቦርሳ ያዘለችዋ ትንሽ ልጅ ትሆናለች። ፊቱ የቆመችው ትልቅ ሴት ከዚያች ጋር አትገጥምለትም። ስለዚህ ክርክር አይረዳውም። «መንገድ ላይ ናት» ማለት የሚከብዳት ከሆነ ደግሞ «ናፈቀችህ? እስቲ ስለ እሷ ንገረኝ» ብትለው ይበቃል፤ ውሸትም የለበትም።

በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ያየሁትን አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ። ስለ መድኃኒት መጨመርና መቀነስ ምንም አትጻፊ። አንድ ሰው «በሽተኛዬ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ተለዋወጠብኝ» ካለ፣ ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ እንዲወስደው ንገሪው፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን የመሰለ የሚታከም ነገር ሊሆን ይችላል። ራሱን ሊጎዳ እንደሚያስብ የሚጽፍ ካጋጠመሽም ብቻሽን አትሸከሚው። እንዳነበብሽው ንገሪው፣ ያኔውኑ ለቡድኑ አስተባባሪዎች አሳውቂ፣ ወደ አካባቢው የድንገተኛ እርዳታ እንዲደውል ለምኚው። ከዚህ ወዲያ ያለው የአንቺው ኑሮ ነው፤ እሱን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

የሌሊት አንባቢ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እርስዎ ነርሷ እናቴ፣ ያሉኝን ወረቀት ላይ ገልብጬ አልጋው አጠገብ ለጥፌዋለሁ።

አሁን ልኬላታለሁ። መጠሪያዋን ከላይ ጽፌ እንዲህ አልኳት፦ «ሦስት ሳምንት ዘገየሁብሽ። ያን ሌሊት ነቅቼ ነበር፤ ጽሑፍሽን ያኔውኑ አንብቤዋለሁ። የእኔም እናት እኔኑ ስለ እኔ ትጠይቀኛለች። አባትሽ እንዴት ናቸው? አንቺስ?» የማበጠሪያውንም ነገር ከሥሩ ጨመርኩበት። ስልክ ቁጥሯን ፈልጉልኝ አልላችሁም፤ ጽሑፏን ካያችሁት ብቻ ሥሩ አንድ ቃል ጣል አድርጉላት።

እስካሁን አልመለሰችም። እናቴ በእህቷ ስም እየጠራችኝ ነው፤ ልሂድ።