የድርብርብ ካርድ ኅዳግ እኩል አልመጣልኝም፤ ስሕተቴ የቱ ላይ ነው?

አደይ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ለመጪው እንቁጣጣሽ ለዘመድና ለጎረቤት የምሰጣቸውን 40 ካርዶች በእጄ ለመሥራት ተነሥቼ፣ ገና ስድስተኛው ላይ ስደርስ ሥራውን አቁሜ ተቀምጫለሁና ልምዱ ያላችሁ እንድትረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ፊቱ አረንጓዴ የሆነ ወፍራም ኤ4 ወረቀት ለሁለት እቆርጥና እያንዳንዱን ግማሽ ሳጥፈው 105 በ148 ሚሊ ሜትር የሆነ ካርድ ይወጣኛል። በካርዱ ፊት ላይ ቢጫ ወረቀት፣ በቢጫው ላይ ደግሞ ልጄ አደይ አበባ በውኃ ቀለም የሳለበትን ነጭ ወረቀት እለጥፋለሁ። ሐሳቤ ቢጫው ከአረንጓዴው፣ ነጩም ከቢጫው ጥቂት አንሶ፣ ከሥር ያለው ቀለም ዙሪያውን እንደ ነጠላ ጥለት እኩል ሆኖ እንዲታይ ነበር። ልኩን ለማግኘት የካርዱን ወርድና ቁመት በ0.9 አባዛሁና ቢጫውን 94.5 በ133 አደረግሁት፤ ነጩንም ከቢጫው በዚሁ መንገድ አሳነስሁ። ሲለጠፍ ግን ከላይና ከታች ያለው አረንጓዴ ሰፊ፣ ከግራና ከቀኝ ያለው ጠባብ ሆነ። መጀመሪያ አለጣጠፌ መስሎኝ ነቅዬ እንደገና ለጠፍሁ፤ ምንም አልተለወጠም።

ሌላም ችግር አለብኝ። እያንዳንዱን ወረቀት ሦስት ጊዜ እየለካሁ ብቆርጥም ከስድስቱ ካርዶች ሁለቱ እንኳ አንድ ልክ አይደሉም፤ አንዳንዱ ነጭ ወረቀትም በአንድ ማዕዘኑ ዘመም ይላል። ከዚህ በተጨማሪ ሁለቱ ካርዶች እጥፋታቸው ላይ አረንጓዴው ተሰንጥቆ የወረቀቱ ነጭ ውስጡ ብቅ ብሏል፤ አራቱ ግን ምንም አልሆኑም፣ ወረቀቱም ከአንድ ሱቅ የተገዛ አንድ ዓይነት ወረቀት ነው። መሣሪያዎቼ የተማሪ ፕላስቲክ ማስመሪያ፣ እርሳስና መቀስ ናቸው። ከካርዶቹ ዐሥሩን አሜሪካ ላለችው እኅቴ በሰው እልክላትና እሷ ፖስታ ገዝታ ለወዳጆቿ ታድላለች፤ ይህም በልኩ ላይ የሚለውጠው ነገር ካለ ንገሩኝ።

የስዕል መምህርት፦

እንደምን አሉ? የመጀመሪያው ችግርዎ ከእጅዎ ሳይሆን ከሒሳቡ የመጣ ስለሆነ በቀላሉ ይፈታል። ወርድና ቁመቱ የተለያየ ወረቀት በ0.9 ሲባዛ ከረጅሙ ጎን የሚቀነሰው ከአጭሩ ከሚቀነሰው ይበልጣል። ከ148 ላይ 14.8 ተቀንሶ ለላይና ለታች 7.4 ሚሊ ሜትር ይደርሳቸዋል፤ ከ105 ላይ ግን 10.5 ብቻ ተቀንሶ ለግራና ለቀኝ 5.25 ይተርፋል። ነቅለው ደግመው ቢለጥፉት ያልተስተካከለው ስለዚህ ነው። ራስዎ በጠቀሱት ነጠላ ቢያስቡት፣ የነጠላው ርዝመት ጨመረ ተብሎ የጥለቱ ስፋት አይጨምርም። ኅዳጉን መጀመሪያ ይወስኑና ከሁለቱም ጎኖች እኩል ይቀንሱ እንጂ አያባዙ።

ኅዳጉ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን ብንል፣ ግራም ቀኝም 3 ስለሚፈልጉ የሚቀነሰው 6 ነው። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ 3 ብቻ ቀንሰው ኅዳጉ እንደ ክር የቀጠነባቸው ጊዜ ብዙ ነው። እንግዲህ ካርዱ 105 በ148 ከሆነ ቢጫው 99 በ142፣ ነጩ ደግሞ 93 በ136 ይሆናል። ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ስለሆነ ከአንዱ ቢጫ ወረቀት አራት ይወጣል፤ ነጩም እንዲሁ። ለ40 ካርድ 20 አረንጓዴ፣ 10 ቢጫና 10 ነጭ ወረቀት ይበቃዎታል ማለት ነው፤ ለብልሽት ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ይጨምሩ።

ቢጫው ውድ ወረቀት ከሆነ አንድ ቁጠባ ልንገርዎ። ከቢጫው የሚታየው ዙሪያው ብቻ ነው፤ መካከሉን ነጩ ስለሚሸፍነው ማንም አያየውም። ስለዚህ ከመለጠፍዎ በፊት ከየጎኑ 10 ሚሊ ሜትር አስቀርተው መካከሉን በምላጭ ቢያወጡት እንደ መስኮት ክፈፍ ይሆንልዎታል፤ 3ቱ ሚሊ ሜትር ለዓይን፣ 7ቱ ነጩ እንዲያርፍበት። የሚወጣው 79 በ122 የሆነ ቁራጭ ለሌላ ትንሽ ካርድ ይሆናል፤ ካልሆነም የአደይ አበባ ቅጠሎች ተቆርጠው ይወጡበታል። በዚያ ላይ ካርዱ አይወፍርም።

የእኔ ዓይን ግን ፍጹም እኩል የሆነ ኅዳግ ብዙም አይወድም። ሥዕሉ በልኩ መካከል ላይ ሲቀመጥ ወደ ታች የወረደ ስለሚመስል፣ ክፈፍ የሚሠሩ ባለሙያዎች የታችኛውን ኅዳግ ትንሽ ሰፋ ያደርጉታል። ነጩን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ ገፋ አድርገው ይሞክሩትና ይፍረዱ።

የቀድሞ ጠራዥ፦

መምህርቷ ሒሳቡን ስላስተካከሉት እኔ ወደ አቆራረጡ ልግባ። ብዙ ዓመት መጽሐፍ ስጠርዝ ኖሬአለሁ፤ «ዐሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለውን አባባል እያከበርሁ፣ እርስዎን ያስቸገረዎት ግን መለካት መብዛቱ ነው እላለሁ። የእርሳስ መስመር ራሱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሊወፍር ይችላል፤ ማስመሪያውን ባነሡትና ባስቀመጡት ቁጥር ደግሞ ዓይንዎ ከዜሮው ጥቂት ይስታል። ይህ በአንድ ወረቀት ላይ አይታይም፤ ሦስት ወረቀት ተደራርቦ ዙሪያው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲቀር ግን ግማሽ ሚሊ ሜትሯም አፍ አውጥታ ትናገራለች።

ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ይለኩ። ከጠንካራ ካርቶን 99 በ142 የሆነ አንድ፣ 93 በ136 የሆነ ሌላ ልክ ያውጡ፤ በእነዚህ በሁለቱ ላይ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ይውሰዱ። ከዚያ በኋላ ማስመሪያውን ለቁጥር አይንኩት፤ ካርቶኑን በወረቀቱ ላይ አስቀምጠው ዳሩን ተከትለው ይቁረጡ። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን የሚያውቁት ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ያሉትን ሁለቱን ሰያፍ ርቀቶች አስተያይተው ነው፤ እኩል ካልሆኑ ልክዎ ዘሟል። ስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን መለኪያ) ከሌለዎት የአዲስ ኤ4 ወረቀት ማዕዘን በፋብሪካ የተቆረጠ ስለሆነ እንደ ስኳድራ ያገለግላል። ካርቶኑንም ከዚሁ ማዕዘን ጋር ቢያስጠጉት ከአራቱ ጎኖች ሁለቱ ሳይቆረጡ ይገኛሉ፤ ያልቆረጡት ጎን ደግሞ አይበላሽብዎትም።

መቀሱን ለልጅዎ ይስጡት። ለረጅም ቀጥ ያለ ቁርጥ የሚሆነው ጫፉ እየተሰበረ የሚታደስ የካተር ምላጭና የብረት ማስመሪያ ነው፤ የፕላስቲኩን ማስመሪያ ምላጩ ይበላዋል፣ የተበላው ቦታም በሚቀጥለው ቁርጥ ላይ ይደገማል። ማስመሪያውን በሚፈልጉት ቁራጭ ላይ አድርገው ምላጩን በትርፉ በኩል ይሳቡት፤ እጅዎ ቢስት የሚበላሸው ትርፉ ይሆናል። ወፍራሙን ወረቀት በአንድ ኃይለኛ ስበት ለመቁረጥ አይሞክሩ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀለል አድርገው ይሳቡት። ምላጩ የወረቀቱን ዳር መቦጨቅ ሲጀምር ጫፉን ይስበሩ እንጂ አይጨክኑበት።

አሁን ወደ ተሰነጠቁት ሁለት ካርዶች ልምጣ። ግምቴ ሁለቱ ከአንድ ኤ4 የወጡ ናቸው፤ ያንን ወረቀት እርስዎ በረጅሙ ሰንጥቀውታል፣ ሌሎቹን ግን በወገባቸው ቆርጠዋቸዋል። ወረቀት እንደ እንጨት ቃጫው የሚተኛበት አቅጣጫ አለው። አብዛኛው ኤ4 ወረቀት ቃጫው በ297ቱ ጎን ርዝመት የተኛ ነው። በወገቡ ቆርጠው ሲያጥፉት የእጥፋቱ መስመር ከቃጫው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ በረጅሙ ሰንጥቀው 105 በ297 የሆነውን ሲያጥፉ ግን ቃጫውን ይሰብሩታል። የሚወጣው ካርድ በልክ አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ እጥፋት ግን ይሰነጠቃል።

የቃጫውን አቅጣጫ ለማወቅ ወረቀቱን ሳያጥፉ በእጅዎ ቀስ ብለው አንዴ በወርዱ፣ አንዴ በቁመቱ ያጉብጡት፤ እሺ ብሎ የሚጎብጥበት በኩል የእጥፋትዎ መስመር ይሁን። ከማጠፍዎም በፊት ቀለሙ ባለቀ እስክሪፕቶ በማስመሪያ አስደግፈው መስመሩን ጫን ብለው ያስምሩት። በካሬ ሜትር 200 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝን ወረቀት ያለዚህ መስመር ንጹሕ እጥፋት አይሰጥም። ሱቁ ክብደቱን የማይነግርዎት ከሆነ 10 ኤ4 ወረቀት በወጥ ቤት ሚዛን መዝነው ግራሙን በ1.6 ያባዙት፤ 10ሩ 125 ግራም ቢመዝኑ ወረቀቱ ባለ 200 ነው። ኤ4 የካሬ ሜትር አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ስለሆነ ነው ሒሳቡ እንዲህ የሚቀለው።

ሜሪላንድ ነዋሪ፦

እኔ የምጨምረው ስለ አሜሪካው ፖስታ ብቻ ነው፤ እኔም ከአገር ቤት የመጡልኝ ካርዶች ፖስታ አልገባ ብለውኝ ስለማውቅ ነው። እዚህ ያለው የተለመደ ወረቀት ኤ4 ሳይሆን ሌተር የሚባለው ነው፤ 216 በ279 ሚሊ ሜትር ግድም ይሆናል፣ ወርዱ ሰፋ ቁመቱ አጠር ይላል። ከእሱ ግማሽ የሚወጣው እጥፍ ካርድ 108 በ140 ስለሆነ፣ ሱቅ ውስጥ ለካርድ በብዛት የሚገኘው ፖስታም ለእሱ የተሰፋ 111 በ146 ነው፤ ስሙም ኤ2 ይባላል። የእርስዎ ካርድ 148 ስለሚረዝም በዚህ ፖስታ ውስጥ በ2 ሚሊ ሜትር ምክንያት አይገባም።

ስለዚህ እኅትዎ በዚህ አገር አጠራር ኤ6 የሚባለውን ፖስታ ይግዙ። ልኩ 121 በ165 ሚሊ ሜትር ግድም ስለሆነ ካርዱ ከነውፍረቱ በምቾት ይገባል። የወረቀቱ ኤ6 (ማለትም የእርስዎ ካርድ ልክ) እና የፖስታው ኤ6 ስማቸው ይግጠም እንጂ ልካቸው የተለያየ ነው፤ በእርስዎ በኩል ግን ልዩነቱ የጠቀመ ሆነ። አገር ቤት ለሚቀሩት ለሠላሳዎቹ ሲ6 የሚባለው 114 በ162 የሆነ ፖስታ ይስማማቸዋል።

እኅትዎ ራሳቸው እዚያው ካርድ ሊሠሩ ቢፈልጉ ግን የመምህርቷን ቁጥሮች ወደ ኢንች ለመገልበጥ አይድከሙ። ካርዱ 4 ኢንች ከሩብ በ5 ኢንች ተኩል፣ ቢጫው 4 በ5 ከሩብ፣ ነጩ 3 ኢንች ከሦስት ሩብ በ5 ይሁን፤ ኅዳጉ በየጎኑ የኢንች አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 3 ሚሊ ሜትር ከትንሽ ነገር ይሆናል። ሁለቱም ልክ በተጻፈበት ማስመሪያ ላይ በአንድ በኩል በሴንቲ ሜትር ጀምሮ በሌላው በኩል በኢንች መጨረስ እዚህ የምናውቀው በሽታ ስለሆነ የሴንቲ ሜትሩን ጎን በፕላስተር መሸፈን ይሻላል።

አደይ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጠራዡ እንደ ነቢይ ነው የተናገሩት፤ የተሰነጠቁት ሁለቱ በእርግጥም በረጅሙ ከሰነጠቅሁት ከአንድ ወረቀት የወጡ ናቸው፣ ይህንንም በጥያቄዬ ውስጥ አልጻፍሁትም ነበር። ትናንት ማታ በካርቶን ልክ ዐሥር ካርድ ቆርጬ ሁሉም እንደ መንታ አንድ ሆኑ፤ የታችኛውን ኅዳግ ትንሽ ማስፋቱንም ወደድሁት።

የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት። 93 በ136 አድርጌ የቆረጥሁትን ነጭ ወረቀት ልጄ ከሳለበት በኋላ ስለካው ወርዱ 94 ሆኖ አገኘሁት፤ ዳሩም እንደ ማዕበል ይነሣል። በሙጫ ስለጥፈው ደግሞ ይብሳል።

የቀድሞ ጠራዥ፦

ወረቀት ውኃ ሲጠጣ ይሰፋል፤ የሚሰፋውም በቃጫው ርዝመት ሳይሆን በአብዛኛው በወርዱ በኩል ነው፤ ስለዚህ ነው ቁመቱ ሳይለወጥ ወርዱ የጨመረው። ሲደርቅም ወደ ቀድሞ ልኩ በትክክል አይመለስም። እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፦ ልጅዎ ባልተቆረጠ ኤ4 ላይ አራት አበባ ይሳል፣ ወረቀቱ ይደር፣ በማግሥቱ በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መካከል አድርገው ከከባድ መጻሕፍት ሥር ያውሉት፣ ከዚያ በኋላ ካርቶኑን አስቀምጠው ይቁረጡ። አበቦቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ በእያንዳንዱ ሩብ መካከል ላይ ቀለል ያለ የእርሳስ ነጥብ አስቀድመው ያድርጉለት።

ሙጫውም ያው ውኃ ነው፤ ወረቀቱን ሙሉ አይቀቡት። ለቢጫውና ለነጩ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ከአራቱ ዳሮች 2 ሚሊ ሜትር ገባ አድርገው ይለጥፉ። ከአንዱ ዳር ብቻ ሽፋኑን ልጠው ወረቀቱን በቦታው ካሳረፉ በኋላ የቀሩትን ሦስቱን ይላጡ፤ አራቱን አንድ ላይ ከላጡ አንዴ የነካ አይመለስም።